ባለ አንድ ጓንቱን ያስታረቀች ሴት

ተስፋዬ ሲደውልልኝ ኮምቦልቻ፣ ከምሠራበት የስልክ መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳምቡሳ እየበላሁ ነበር። ተስፋዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከመኪናው ጡሩንባ አይተናነስም። የዚያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው።

«ሐዋ፣ አዮ ከድጃ አረፈች።»

«ማን አለህ?»

«ማን ይለኛል? ቀብሯ ላይ ቆሜ ነው የምደውልልሽ።»

ሳምቡሳውን ወደ ወረቀቱ መለስኩት። ተስፋዬ አፍንጫውን ሳበና፣ «እሺ አሁን ያን የመርከበኛውን ፊልም ማን ሊፈርድልን ነው? እኔ እኮ ዋስ ሆኜለት ነበር» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሰማን እብዶች ናቸው ይለን ነበር። እኔ ግን እንባዬ የመጣው ይሄኔ ነው።

በዓለም ላይ ስማቸው የማይሞት የፊልም ሰዎች አሉ ይባላል። ኢንተርኔት ላይ ደረጃ ያወጡላቸዋል፤ አንደኛ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሌ እያሉ ይጨቃጨቁባቸዋል። እኔ እነዚህን ሰዎች የተዋወቅኳቸው በአዮ ከድጃ ቤት ነው። ስለዚህ ሌላው ዓለም እንደሚያውቃቸው አላውቃቸውም። እኔ የማውቃቸው ታርቀው ነው።

አዮ ከድጃ ከሚሴ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ምግብ ቤት ነበራት። አዮ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። አንድም ልጅ አልወለደችም፤ ግን ከባጃጅ ነጂ እስከ ፍየል ነጋዴ አዮ የማይላት አልነበረም። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትራመድ ወንበሮቹ ራሳቸው መንገድ የሚለቁላት ይመስል ነበር። የምትሸጠው የፍየል ቅቅልና ሩዝ ነው፤ ሰው የሚመጣው ግን ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ዩኒቨርሲቲ እንደማይፈልገኝ ነገረኝ። እኔም እንደማልፈልገው ነገርኩትና እዚያ ቤት ሳህን ማመላለስ ጀመርኩ። ፊልም በፍላሽ አስጭኖ ማምጣትም የኔ ሥራ ሆነ።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሚታየው የባለ አንድ ጓንቱ ሰውዬ ፊልም ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እኛም ቤት ስሙን የጠራው የለም። ግራ እጁ ላይ ጥቁር ጓንት ያደርጋል፣ ቀኝ እጁ ባዶ ነው። ወንድሙን የገደለበትን ሰው አገር ለአገር ሲያሳድድ ቆይቶ ዝናብ እየዘነበ አንድ ድልድይ ላይ ያገኘዋል። ሽጉጡን ግንባሩ ላይ ደገነ። የአንዱ ሹፌር እጅ ከነአጥንቱ አየር ላይ ቀረ።

ምስሉ ቀጥ አለ።

መብራት የሄደ መስሎኝ ጣሪያውን አየሁ። አምፖሉ እንደበራ ነው። ዞር ስል አዮ ከድጃ ሪሞቱን ይዛ ከመሐል ቆማለች።

«ጃርሳ ተቀመጡ» አለች። ጃርሳ ሽማግሌ ማለት ነው።

የለመዱት ወንበራቸውን እየጎተቱ ክብ ሠሩ። አንድ ከአዳማ የመጣ፣ ቤቱን የማያውቅ ቀይ ሹፌር ግን ተነስቶ ጮኸ። «ምንድነው ይሄ? ልቀቂልን እንጂ! ሊተኩስ ነው እኮ!»

«ለዚያ ነዋ ያቆምኩት» አለችው። «ሰው ሰውን ሊገድል ጣቱን ቃታ ውስጥ ሲያስገባ እያየህ ቅቅል ትበላለህ? እናትህ ምን ብላ ነው ያሳደገችህ?»

«ፊልም ነው እኮ!»

«እኔም ሽማግሌ ተቀመጡ ነው ያልኩት፤ ፖሊስ ጥሩ አላልኩም። ተስፋዬ፣ አንተ የባለ ጓንቱ ወገን ነህ። አንተ ቀዩ ደግሞ የዚያኛው።»

«እኔ ሰውየውን አላውቀውም!»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታየው አልነበር? ሚስትህን ይህን ያህል አይተሃት ታውቃለህ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀዩ ሹፌር መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቀጥሎ ተቀመጠ፣ ቀጥሎ «የኛ ልጅ መጀመሪያ እኮ ተነክቶ ነው» ማለት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዝም የሚያሰኘው ጠፋ። ተስፋዬ በበኩሉ ወንድሙ የተገደለበት ራሱ ይመስል ደረቱን እየመታ ይሟገታል። ሲሟገቱ ሲሟገቱ ቆይተው ፍርዱ ወጣ። የገዳይ ወገን ካሣ በግመል ይሰጣል። ባለ ጓንቱም ጓንቱን ሽማግሌ ፊት ያወልቃል፤ ምክንያቱም «ቁስሉን ደብቆ የታረቀ ሰው አልታረቀም» አለች አዮ ከድጃ። ኋላ ደግሞ የገዳዩን እህት እንዲያገባ ተወሰነ። ይህን የጨመረው ቀዩ ሹፌር ነው። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ፣ አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ። አዮ ከድጃ ፍላሹን ነቅላ ሰጠችኝ።

«መጨረሻውስ?» አልኳት።

«ምን መጨረሻ? ታረቁ እኮ። ያ ኢንተላ፣ ጆሮ የለሽም?» ኢንተላ ልጅት ማለት ነው፤ ስትቆጣም ስትወድም እንዲሁ ነበር የምትለኝ።

አባቷ አበጋር ነበሩ፤ ደም የተቃባ የሚያስታርቁ፣ ዱዓቸው የሚፈራ። እሷ ልጅ ሆና አጥር ሥር ተደብቃ ትሰማቸው ነበር አሉ። አንድ ቀን እንደለመድኩት በቀጥታ ጠየቅኳት፤ «አንቺ ለምን የሰው ሽማግሌ አልሆንሽም?»

«ሴት ነሻ ብለው ዛፉ ሥር አላስቀመጡኝም» አለች። «ቴሌቪዥን ሥር ማን ይከለክለኛል?»

ሕግ ነበራት ደግሞ። ጭንብል ለብሰው ከተማ የሚያድኑ ጀግኖች እኛ ቤት አንድም ቀን ፍርድ አግኝተው አያውቁም። «ፊቱን ሸፍኖ ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ የለም። ይግለጥና ይምጣ» ትላለች። ፈረንጅ አገር ስንት ሰው ፎቶአቸውን ግድግዳው ላይ እንደሚሰቅል ብነግራትም «በቀጠሮ ይቆዩ» ነው መልሷ። የህንድ ፊልም ላይ ግን ትለሳለሳለች። «ቂም ይዞ የሚዘፍን ሰው ግማሽ ልቡ ታርቋል» ትላለች። ዘፈኑ ሲረዝም ድንች ትልጣለች፣ ሲያልቅ ችሎቱን ትከፍታለች።

አንዴ ከሰማይ የወረደ ባለ ሦስት ራስ ፍጥረት ከተማ ሲያፈርስ አቆመችው። ሁሉም ፈራ።

«ይሄ ችግር ነው» አለች። «ወገን የለውም። ዋስ የሌለው እንዴት ይታረቃል?»

ተስፋዬ እጁን አወጣ። «እኔ ዋሱ ነኝ!»

«አንተ? ለዚህ?»

«አዮ፣ እኔ ትራፊክ ፖሊስ የለመድኩ ሰው ነኝ። ሦስት ራስ አያስደነግጠኝም።»

«ያፈርሳል እኮ!»

«ያፈረሰውን ይሥራ። ጉልበት እንደሆነ አላነሰው!»

ተፈረደ። ባለ ሦስት ራሱ ሕንፃዎቹን መልሶ ሊሠራ፣ ተስፋዬም ፍጥረቱ እንዳይጠፋ ዋስ ሊሆነው ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ተስፋዬ ከጅቡቲ ሲመለስ ሰው ሁሉ «ግንበኛህ የት ደረሰ?» ይለዋል። እሱም የምሩን «ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው» ይላል።

ሹፌር ነው እንግዲህ፤ የሰማውን በጭነቱ ላይ ጭኖ ይሄዳል። የከሚሴ ፍርድ ባቲ ደረሰ፣ ሚሌ ደረሰ። እኛ ቤት በልቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ባለ አንድ ጓንቱ አግብቶ ወልዷል ብሎ ይከራከራል። እኔ ራሴ ኮምቦልቻ እንደገባሁ ጉድ ሆኛለሁ። የሱቁ ልጆች በምሳ ሰዓት ስለ ሰውየው ሲያወሩ ጣልቃ ገብቼ «ጓንቱን ካወለቀ በኋላ እኮ ሰው ሆኗል» አልኳቸው።

«መቼ አወለቀ?»

«ሲታረቅ ነዋ።»

አፈጠጡብኝ። «ሐዋ፣ ድልድዩ ላይ እኮ ነው የሞተው! ሁለቱም ነው የሞቱት!»

ተጣላኋቸው። ውሸታሞች አልኳቸው። በመጨረሻ አንዱ በስልኩ አሳየኝ። ጥይት፣ ዝናብ፣ ሁለት ሬሳ። ለምሳ የያዝኩትን መብላት አቃተኝ፤ ዘመድ የሞተብኝ ያህል ነው የከበደኝ። «ሽማግሌ አጥተው ነው» ብያቸው ተነሳሁ። እስካሁን «ሽማግሌ አጥተው» እያሉ ይጠሩኛል፤ ይጥሩኝ።

ግን ይህን ሁሉ የምታስታርቅ ሴት፣ ራሷ ከአንድ ሰው ጋር አልታረቀችም ነበር። ከሚሴ ይህን የማያውቅ የለም። ዋናው ወሬያችን እሱ ነበር።

ገና እዚያው ስሠራ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀለጠው ሲመስል፣ ቤቱ ጭር ብሎ ሽንኩርት እየላጥን ነው። ስልኬ ላይ የዓለም ዝነኛ የፊልም ሰዎች ተብለው የተዘረዘሩትን አነብላታለሁ።

«አንደኛ የተባለው ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ታርቋል?»

«እዚህ ነው ወይስ እዚያ?»

«እዚያ።»

«አልታረቀም።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱም። ሦስተኛዋም። አምስተኛው እንዲያውም ከነቂሙ ነው የተቀበረው።»

ቢላዋውን እያወናጨፈች ሳቀች። «አየሽ ዝናቸው ከየት እንደመጣ? ታርቆ ቤቱ የገባ ሰው ስሙ አይነሳም። አልታረቅም ያለ ሰው ግን አገር ሁሉ ሲያነሳው ሲጥለው ይኖራል።»

ምላሴ አጥንት የለውም። «ለዚያ ነዋ አንቺ የከሚሴ አንደኛ ዝነኛ የሆንሽው» አልኳትና በአገጬ ወደ አስፋልቱ ማዶ ጠቆምኩ።

አስፋልቱ ማዶ የእትዬ ዘሐራ ጁስ ቤት ነው። እትዬ ዘሐራ የአዮ ከድጃ ጣውንት ናት። እንድሪስ የሚባል ከብት ነጋዴ ባል ነበራቸው፤ ተራ ገብተው፣ ተከባብረው፣ የአንዷን ጠላት የሌላዋም ብለው የኖሩ ሴቶች ናቸው አሉ። እኔ ያንን አልደረስኩበትም። እኔ የደረስኩት እንድሪስ ሞቶ፣ ሁለቱ ፊትና ጀርባ ሆነው ነው። አንዷ በሯን ስትከፍት ሌላዋ ፊቷን ታዞራለች። ሁለቱም በየቀኑ በር ይከፍታሉ፤ ስለዚህ በየቀኑ ፊት ማዞር አለ።

ልታባርረኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ቀብሩን አልያዝኩባትም» አለች። «ሬሳ አይቆይም፤ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። እኔ ሰንበቴ ገበያ ፍየል ልገዛ ሄጄ ነበር፤ ስልክም አይሠራም። ስመለስ አፈር ለብሶ አገኘሁት። ይሁን፤ የአላህ ነገር ነው። የያዝኩባት ሌላ ነው። ‹ዘሐራ፣ እንዴት ሞተ? ምን አለ? ውሃ ጠየቀ? ስሜን ጠራ?› አልኳት። ‹ሞተ› አለችኝ። ወላሂ ሌላ ቃል አልወጣትም። ‹ሞተ።› ያን ያህል ዘመን የተጋራነውን ሰው፣ መጨረሻውን ለብቻዋ በላችው።»

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስንቴ ተመላልሰዋል። አዮ ከድጃ «እንዴት እንደሞተ ትንገረኝ፣ ዛሬውኑ እታረቃለሁ» ትላለች። እትዬ ዘሐራ «የምናገረው የለኝም» ትላለች። ከዚያ በላይ ፈቀቅ የሚል ነገር የለም። ከተማው ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ራሱ ይሞላዋል። አንዱ ኑዛዜ ደብቃለች ይላል። አንዱ እንድሪስ ከድጃን ረግሟት ነው የሞተው ይላል። አንዱ ደግሞ የተቀበረ ወርቅ አለ ብሎ ጓሮውን በዓይኑ ይቆፍራል።

እኔ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። የእትዬ ዘሐራ የጁስ መፍጫ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ። እኛ ቤት ችሎት ሲከፈት ይቆማል። ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቃት እንኳ ይቆማል። እኛ አሚን ስንል ደግሞ ይነሳል።

ይህን ለተስፋዬ ነገርኩት። ተስፋዬ ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና «ለምን በፊልም አናስታርቃቸውም?» አለ። ዕቅዱ ቀላል ነው። ሁለት ጣውንቶች ያሉበት ፊልም ፈልገን እንከፍታለን። አዮ ከድጃ እንደ ልማዷ ከመጨረሻው በፊት ታቆመዋለች፣ ሽማግሌ ታስቀምጣለች። ተስፋዬ በአንደኛዋ ጣውንት በኩል ይቆምና ቆንጆ ፍርድ ይሰጣል። እሷ አሚን ስትል እኔ «ታዲያ አንቺስ?» እላለሁ። ይህን ለመሰለው ነገር ከኔ የተሻለ ሰው የለም።

ፊልሙን ተስፋዬ ነው ያገኘው፤ ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቀው። የጥንት ዘመን ነው፤ አንድ ወንዝ አለ፣ በወዲህም በወዲያም ማዶ የአንድ ሰው ሁለት ሚስቶች ይኖራሉ። ሰውየው ሞቷል። ሁለቱ አይነጋገሩም፤ በየጠዋቱ ውሃ ሲቀዱ በወንዙ ላይ ይተያያሉ።

ገና ሲጀምር አዮ ከድጃ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄን ማን መረጠው?»

«ሱቁ ነው የጫነልኝ» አልኩ። ተስፋዬ ሩዙ ላይ አቀረቀረ።

«እህ» አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፊልም ሲታይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

ቤቱ ሞልቷል። ሁሉም አንድ ዓይኑ ፊልሙ ላይ፣ አንድ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ፊልሙ እየገፋ ሄደ። ከማዶ ያለችው ሴት ታመመች። የወዲህኛዋ ከማዶ ቤት ጭስ እንደማይወጣ አየች። አንድ ቀን ቆየች፣ ሁለት ቀን ቆየች። በመጨረሻ ጀልባ ውስጥ ገባች። በኛ ሕግ ፊልሙ የሚቆመው እዚህ ነው። ተስፋዬ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወንበሩንም አስጠጋ። አዮ ከድጃ ሪሞቱ ጭኗ ላይ ነው። አልነካችውም።

ሴትዮዋ ተሻገረች። በሩ ክፍት ነው። አልጋው ባዶ ነው፤ ጎረቤት አንጥፎታል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሙዚቃ ጀመረ፣ ጥቁር ሆነ፣ ነጭ ጽሑፍ መውረድ ያዘ።

አንድ የባጃጅ ነጂ፣ ከዚህ ቤት ሌላ ፊልም አይቶ የማያውቅ፣ ጠጋ ብሎ «ይሄ የሚወርደው ጽሑፍ ምንድነው?» አለኝ።

«አለቀ ማለት ነው» አልኩት።

የሚበላ ጠፋ። ሙዚቃው ብቻ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እኔ «ታዲያ አንቺስ?» የሚለው ተራዬ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ እምቢ አለኝ።

የዚህን ጊዜ አንድ መኪና ጡሩንባውን አስጮኸ፣ ፍሬን ተንጫጫ፣ ሹፌር ተሳደበ። እትዬ ዘሐራ ግራ ቀኝ ሳታይ አስፋልቱን እየተሻገረች ነው። ሽርጧ ማንጎ በማንጎ ሆኗል። በራችን ላይ ደርሳ ግድግዳውን ያዘች።

«ከድጃ ምን ሆነች?»

«ምንም» አልኳት።

«እንዴት ምንም! አለቀ እኮ! ሙዚቃውን ሰማሁት! እሷ መቼ ነው ፊልም አስጨርሳ የምታውቀው? ወድቃ ነው፣ ሞታ ነው እንጂ...»

ወንበሩ ላይ አየቻት። ግድግዳውን ለቀቀች።

«አልሞትኩም» አለች አዮ ከድጃ።

«አየሁ።»

«ልትመለሺ ነው?»

እትዬ ዘሐራ ወደ አስፋልቱ ዞር አለች፤ ሹፌሩ አሁንም ይሳደባል። ተስፋዬ ብድግ ብሎ «እንግዲህ ጃርሳ...» ሊል አፉን ሲከፍት ሁለቱም እኩል «አንተ ቁጭ በል!» አሉት። ያን ሁሉ ዓመት ሲጣሉ ኖረው የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ተስፋዬ ነበር።

አዮ ከድጃ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋች። እትዬ ዘሐራ ተቀመጠች።

«እዚያ ፊልም ላይ የነበረችው ዘገየች» አለቻት አዮ ከድጃ። «ስትሻገር ጣውንቷ የለችም። አላየሽውምና ልንገርሽ።»

«ሰማሁት።»

«አሁን እጠይቅሻለሁ። ደግሜ አልጠይቅሽም። እንድሪስ እንዴት ሞተ?»

እትዬ ዘሐራ ሁላችንንም አየችን። «እነዚህ ይውጡ።»

«አይወጡም። እነዚህን እኔ ስንት ሰው ሲያስታርቁ አይቻቸዋለሁ።»

«ከድጃ...»

«ሸሃዳ አለ? ላ ኢላሃ ኢለላህ ብሎ ነው የሄደው?»

«የምስክርነት ጣቱን አነሳ። በዓይኔ አይቻለሁ። ጣቱን አንስቶ ነው የሄደው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አዮ ከድጃ ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። ከዚያ ሻርፑን አወረደችና ተቆጣች። «ይህን መንገር ምን ነበረበት? ይህን ይዘሽ ያን ሁሉ ዘመን! ይህን ብትይኝ እኮ የዚያኑ ቀን እንቅልፍ እተኛ ነበር!»

«ብነግርሽ ቀጥለሽ ‹ከዚያ በፊትስ ምን አለ?› ትይኛለሽ።»

«ከዚያ በፊትስ ምን አለ?»

«ይኸው!»

«ዘሐራ!»

እትዬ ዘሐራ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው። «ደከመኝ ብሎ ጋደም አለ። ሾርባ ሠራሁለት። ቀና አድርጌ አንድ ማንኪያ ሰጠሁት። ዋጠ። አየኝ። ‹ጨው የለውም› አለኝ። ‹ከድጃ መቼ ነው የምትመለሰው?› አለኝ። ከዚያ ጣቱን አነሳ።»

ተስፋዬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይሄ ነው?» አለች አዮ ከድጃ።

«ይሄ ነው።»

«ኑዛዜ የለም?»

«ምን ኑዛዜ! ጨው ነው ያልኩሽ!»

«ታዲያ ለዚህ...»

«ምን ልበልሽ ነበር?» እትዬ ዘሐራ ብድግ አለች። «በኔ ቤት፣ በኔ ተራ፣ በእጄ ላይ እየሞተ፣ አፉ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ ልበልሽ? ሾርባዬን አጣጥሎ ሞተ ልበልሽ? ቆየት ብለሽ ደግሞ ምግብ ቤት ከፈትሽ! ታፔላሽ ላይ ታስጽፊው ነበር እኮ!»

አዮ ከድጃ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ተስፋዬ ደንግጦ ውሃ ቀዳ። እኔ ቀርቤ ሻርፑን ገለጥ አደረግኩት። እንባዋ ይወርዳል፤ ግን እየሳቀች ነው። ትንፋሽ እስኪያጥራት እየሳቀች ነው። «አላህ ይርሐመው» ትላለች፣ ትስቃለች፣ «አላህ ይርሐመው፣ እስከ መጨረሻዋ ሆዳም!» እትዬ ዘሐራ ከንፈሯን ነክሳ ልትታገል ሞከረች። አልቻለችም። ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው፤ ምን እንደሚያስቅ ያልገባው የባጃጅ ነጂ ጭምር።

ሲበርድ አዮ ከድጃ ዓይኗን ጠርጋ «ያ ኢንተላ» አለችኝ፤ «ከቅቅሉ ሾርባ አምጪላት።»

አመጣሁ። እትዬ ዘሐራ ጎድጓዳ ሳህኑን አየች፣ እሷን አየች፣ ማንኪያውን አነሳች። ፉት አለች። በአፏ ውስጥ አዟዟረችው። ዋጠች።

«እ?» አለች አዮ ከድጃ።

«ጨው በዝቶበታል» አለች እትዬ ዘሐራ፣ ሁለተኛውን ማንኪያ እየጨለፈች።